የእህቴ የሂክማ ምስሎች

የካቲት 12፣ ረቡዕ። ወልቂጤ

ከጠዋት ጀምሮ አልትራሳውንድ። መብራት ሁለቴ ጠፋ። ወረፋው ኮሪደሩን ሞልቶ ውጭ ደርሷል። ከጉንችሬ በጨለማ ተነስታ የመጣች ሴት መንታ ነው ስላት ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። ደስታ ይሁን ድንጋጤ አልገባኝም። ቀጣይ። ቀጣይ።

እማ ከቡታጅራ ደወለች። ድምጿ እንደ ልጃገረድ። ሂክማ አርግዛለች አለችኝ። ታናሽ እህቴ፣ አምና የዳርናት። ሆዷ ገፍቷል፣ ታስመልሳለች፣ ውሃ አይበቃትም። የምታስተምርበት ት/ቤት ድረስ ጆግ ይዛ ትሄዳለች አሉ። ተመርምራለች ወይ ብዬ ጠየቅሁ። እማ ሳቀችብኝ፤ ሆድ እየታየ ምን ምርመራ ያስፈልጋል። ቅዳሜ ይዣት እመጣለሁ፣ አንቺ ታዪልኛለሽ አለች።

አክስት ልሆን ነው፣ ማስታወሻዬ። ከሰዓት የመጡትን ሁሉ በፈገግታ አየሁ።

የካቲት 15፣ ቅዳሜ

መጻፍ አልፈልግም። እጽፋለሁ።

ጄሉን ቀባኋት። ቀዘቀዘኝ ብላ ሳቀች። ማህፀኗን ፈለግሁ። አገኘሁት፦ ትንሽ፣ ባዶ፣ ወደ ጎን የተገፋ። የገፋው ነገር በቀኝ በኩል ነው። የሕፃን ጭንቅላት ያህላል። መመዘኛ ሳጣ የመጣልኝ ይኸው ነው። ጠጣር፣ መሃል መሃሉ ላይ ፈሳሽ የቋጠረ። ሆዷ ውስጥም ውሃ አለ።

እማ ራስጌ ቆማለች። ልቡ የቱ ነው፣ አሰሚኝ እንጂ ትላለች። ስልኳን አዘጋጅታለች፤ የልብ ምቱን ቀድታ ለአባባ ልታሰማቸው።

ስክሪኑን ወደ እኔ አዞርኩት። እማ፣ ልጅ የለም አልኳት። እንዲህ ነው ያልኩት። ለማላውቃት ሴት እንኳ እንደዚህ አልልም።

ቀስ ብላ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ታዲያ ይሄ ምንድን ነው አለች። አላውቅም አልኩ። ይህ እውነት ነው። አዲስ አበባ ሄዳ ኤም.አር.አይ. ትነሳ፣ በደንብ የሚያሳየው እሱ ነው አልኩ። ሂክማ ሆዷን በሶፍት ስትጠርግ ቆየች። ከጠራ በኋላም ትጠርጋለች።

የካቲት 19፣ ረቡዕ። አ.አ.

ሂክማና ነስሩ ከቡታጅራ፣ እኔ ከወልቂጤ። ነስሩ ባሏ ነው፤ ከኮሼ በርበሬ እያመጣ ቡታጅራ የሚሸጥ፣ ረጅም፣ ዝምተኛ ሰው። ቡኢ ላይ ውሃ ገዝተው ዓለም ገና ሳይደርሱ አልቋል። ይሄን የሚነግረኝ እንደ ጉድ ነው። እንደ ሐኪም አልሰማሁትም።

ብረት ሁሉ ይውለቅ ተባለ። የጆሮ ወርቅ፣ ቀለበት፣ የሂጃብ ስፒል። ነስሩ በመዳፉ ተቀበላት። ኪሱ ውስጥ አልከተተውም። ምርመራው እስኪያልቅ መዳፉን ዘርግቶ ቆመ።

ያስተማረኝ ዶ/ር መስፍን ከመስታወቱ ጀርባ አስገባኝ። ማሽኑ እንደ ወፍጮ ይጮኻል። በመስታወቱ የሚታየኝ የእግሯ ጣቶች ብቻ ናቸው፤ ሂናው ገና አልለቀቀም። ትንፋሽሽን ያዢ ሲሏት እኔም እይዛለሁ።

የካቲት 20፣ ሐሙስ

ምስሎቹን ከዶ/ር መስፍን ጋር አየን። እኔ ጋ ይህ ማሽን የለም፤ በየቀኑ የማነበው አይደለም። ግን ማንበብ እችላለሁ። ባልችል በወደድኩ።

የወጣት ልጆች ዕጢ አለ፤ ዲስጀርሚኖማ ይባላል። ካንሰር ነው፣ ግን ደግ ካንሰር። መድኃኒት ሲገባበት ይቀልጣል፤ ድነው የሚወልዱ ብዙ ናቸው። ምስሉ ላይ ምልክት አለው፦ ጠጣሩን ሥጋ ክፍል ክፍል አድርገው የሚለዩ ቀጫጭን ክሮች፤ በደም ሥር ቀለም ሲሰጥ ቦግ የሚሉ። ከመጀመሪያው ምስል ጀምሮ የማስሰው እነሱን ነው። የእህቴ ካንሰር ይሄኛው ይሁን ብሎ መለመን ምን ይባላል? ለመንኩ። አንድ ቦታ ላይ ክር ያየሁ መሰለኝ። ዶ/ር መስፍን ጠጋ ብሎ አየና የደም ሥር ነው አለ።

ያለው ይህ ነው። በአንድ ወገን ብቻ የበቀለ። ትልቅ። አብዛኛው ጠጣር። መሃሉ የሞተ ሥጋ፣ ደም የፈሰሰበት ቦታ። ስብ የለውም። የውሃ እንቅስቃሴ በሚለካው ምስል ላይ ያበራል፤ ሴሎቹ ተጨናንቀው ውሃ የሚያልፍበት ክፍተት የለም ማለት ነው። ግራ ኦቫሪዋ፣ ሌላኛው የእንቁላል ማፍሪያዋ፣ ንጹህ። ይህን ደጋግሜ አየሁ። ንጹህ።

ዶ/ር መስፍን ወደ መጀመሪያው ምስል ተመለሰ። ከዚያ ካልሲየሟ ስንት ነው ብሎ ጠየቀኝ። ማንም አልለካላትም። በጣም አልፎ አልፎ የሚገኝ አንድ ዓይነት አለ አለ፤ ወጣቶችን ነው የሚይዘው፣ ካልሲየምን ደም ውስጥ ያንረዋል፣ ታማሚዋን ይጠማታል፣ ያስመልሳታል፣ ቀጥሎ ትቃዣለች። ምስሉ ብቻውን ስሙን አይነግረንም፣ ግን ደሟን ዛሬውኑ አስለኪ አለኝ።

ጆጉ። የቡኢው ውሃ።

ደሟ ተወሰደ። ውጤቱ ቅዳሜ ነው ተባለ፤ ማሽኑ ተበላሽቷል።

የካቲት 22፣ ቅዳሜ። የረመዳን መጀመሪያ

አትጹሚ አልኳት። ነስሩም ለመናት። የመጀመሪያዋን ቀን ብቻ አለችን። አክስታችን ቤት ነን።

ከአስር ሰዓት በፊት ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል። ሰሚ ብላ መጥራቷን ትታ እማ ትለኛለች። ልጆቹ ከእረፍት ገቡ ወይ ብላ ጠየቀችኝ፤ የክፍሏን ተማሪዎች ነው። ነስሩ በክንዱ አቅፎ ታክሲ ውስጥ አስገባት።

ካልሲየሟ ሐኪሙ ወረቀቱን ሁለቴ እስኪያይ ድረስ ከፍ ብሏል። ጉሉኮስ ተሰቀለላት። ነፍሷ መለስ ሲል መጀመሪያ ያየችው ክንዷ ላይ የተተከለውን መርፌ ነው። መግሪብ ደርሷል ወይ አለች። አልደረሰም ነበር። ጾሜን አስፈታችሁኝ ብላ አለቀሰች። የታመመ ሰው አይጠየቅም፣ አላህ ያውቃል አልኳት። እኔ ታማሚ ነኝ እንዴ አለች።

መግሪብ ሲባል ነስሩ ቴምር ይዞ አልጋዋ አጠገብ ቆመ። እሱም አልበላውም።

የካቲት 28፣ ዓርብ

ቀዶ ጥገናው አለቀ። ቀኝ ኦቫሪዋን ከነዕጢው አወጡት። ግራውን ተውላት። አልሐምዱሊላህ። ምስሉ ንጹህ ነው ያለውን የቀዶ ጥገና ሐኪሙም በዓይኑ አይቶ ንጹህ ነው አለ።

መጋቢት 1፣ ሰኞ

ካልሲየሟ ወረደ። አልጠማኝም አለች። ዛሬ ይህን ቃል ከሰማሁ ወዲህ እግሬ መሬት አይነካም። ለእማ ደወልኩ፣ ለአባባ ደወልኩ፣ የመጨረሻዋ እህታችን ፎዚያም ስልኩን ነጥቃ ጮኸችብኝ። ምናልባት ተሳስተን ነው። ሰው ይሳሳታል፤ እኔ ስንቴ ተሳስቻለሁ። ነገ ወልቂጤ እመለሳለሁ፣ ሥራ ተከምሯል።

መጋቢት 12፣ ዓርብ። አ.አ.

ፓቶሎጂው ደረሰ። ስሙ ረጅም ነው። የኦቫሪ የትንንሽ ሴል ካንሰር፣ ካልሲየም የሚያንረው ዓይነት። ያነበበው ሐኪም በሥራ ዘመኑ ብዙ አላየም። እኔ ከመጽሐፍ ውጭ አይቼው አላውቅም። መጽሐፉ ላይ ግማሽ ገጽ ነው። የግማሹን ገጽ መጨረሻ አውቀዋለሁ።

አባባ ከቡታጅራ መጡ። ሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ ዛፍ ሥር ተቀምጠን ነገርኳቸው። መቁጠሪያቸውን ይዘዋል፣ አይቆጥሩም። ትድናለች ወይ አላሉኝም። ማን ያውቃል ነው ያሉኝ። እኛና ሐኪሞቹ አልኩ።

“በዚሁ ይብቃ። ተስፋዋን አትቀሟት” አሉ።

ኬሞው ማጽጃ መድኃኒት ነው ተብሎ ይነገራት ዘንድ ተወሰነ። ነስሩ አንገቱን ደፍቶ እሺ አለ። እኔም እሺ አልኩ። አባባ ሲወስኑ እሺ ነው።

መጋቢት 21፣ እሑድ። ዒድ

ዒድ ሙባረክ የሚል መልእክት ስልኬን ሞልቶታል። አልመለስኩም።

የመጀመሪያውን ኬሞ ከወሰደች ወዲህ ምግብ አይረጋላትም። ነስሩ ለሶላት ወጣ። ሁለታችን ብቻ። ፀሐይ አልጋዋ ላይ ነው። ጥፍሯን እየቆረጥኩላት ነበር፤ እጇን ሳትስብ ጠየቀችኝ።

“ፎቶውን ያየሽው አንቺ ነሽ። አባባ አላዩትም፣ ነስሩም አላየም። ምን አየሽ?”

ማጽጃውን ልነግራት አፌን ከፈትኩ።

“ሰሚ፣ ወልቂጤ ላይ ሆዴን ስታዪ እኔ ስክሪኑን አልነበረም የማየው፣ ፊትሽን ነው” አለች።

ነገርኳት። ካንሰር ነው። እምብዛም የማይገኝ ዓይነት ነው። መድኃኒቱ የሚሠራበት ጊዜ አለ፣ የማይሠራበት ይበልጣል። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። ለምን እንዳልተንቀጠቀጠ አላውቅም።

ያለችው ይኸው፣ ቃል በቃል፦

“አባባ እንዳወቅሁ እንዳይሰሙ። አላውቅም ብለው ነው የሚጽናኑት።”

ከዚያ ሌላኛውን እጇን ሰጠችኝ፤ ጥፍሯ አልተቆረጠም ነበር።

ሚያዝያ 17፣ ዓርብ። ቡታጅራ

በኬሞዎቹ መካከል እማ ቤት ናት። ፀጉሯ አልቋል። ሙስሊም መሆን ጥሩ ነው፣ ሂጃብ ማን ገልጦ ያያል ብላ አሳቀችን። ፎዚያ የራሷን ፀጉር ልትቆርጥ መቀስ አንስታ ሂክማ ነጠቀቻት፤ አንቺ ገና ባል ይታይልሻል ብላ። ፎዚያ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ናት። ፈተናው ሰኔ ውስጥ ነው። ኬሚስትሪዋን አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ታጠናለች፤ ሂክማ ትጠይቃታለች። ካልሲየም የስንተኛው ቤተሰብ ነው ስትላት ወጥቼ ጓሮ ቆምኩ።

አማቷ መጡ። አንዳንድ ሴቶች አማት ብለው የሚያወሩት እንደ እሳቸው አይደለም። የሠሩትን አጥሚት ይዘው፣ አልጋዋ ጫፍ ላይ ቁጭ ብለው፣ የልጅ ነገር አንድም ሳያነሱ ሄዱ። በር ላይ ግን ክንዴን ይዘው ቆዩ።

ሁሉም ያውቃል። ሁሉም አታውቅም ይላል። እሷ ሁሉንም ታስተዛዝናለች። ደከመኝ።

ግንቦት 12፣ ማክሰኞ። አ.አ.

ጥማቱ ተመለሰ። ከቡታጅራ ከመነሳቷ በፊት አውቄዋለሁ።

ሁለተኛ ኤም.አር.አይ.። ከመስታወቱ ጀርባ አልገባሁም። ከነስሩ ጋር ውጭ ተቀመጥኩ። እኔም ዛሬ እንደ ሰው ልጠብቅ።

ዶ/ር መስፍን ራሱ ወጥቶ ጠራኝ። የሆዷ ሽፋን ላይ፣ ጉበቷ ዙሪያ፣ ብዙ ቦታ። ጥቁር ላይ የሚያበሩ ነጠብጣቦች። ንጹህ ያልነው ግራም አብጧል። ብርሃን እንዲህ ያስጠላል ብዬ አስቤ አላውቅም።

በቤተሰባችሁ በልጅነቷ እንዲህ የሞተች ሴት አለች ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ይሄኛው አንዳንዴ በዘር ይተላለፋል አለ። የለችም አልኩት።

ነስሩ ስወጣ ፊቴን አየ። ለሂክማ ውሃ ሊገዛ ሄደ።

ግንቦት 14፣ ሐሙስ

ሌላ መድኃኒት ይሞከር የሚል ሐኪም አለ። በደንብ አስረዳት፤ እሱ አይደብቅም፣ እግዜር ይስጠው። ጨርሳ ሰማችው። በጣም አመሰገነችው።

አረፋን ቤቴ ነው የምውለው አለች። አበቃ። ነስሩ ሊከራከር ቃል ጀመረና ግድግዳውን አየ።

ግንቦት 29፣ ዓርብ። አረፋ። ቡታጅራ

ከአ.አ. ያልመጣ ሰው የለም። መንደሩ መኪና ብቻ። ሰንጋው ከጠዋት ታረደ። የሥጋው ሽታ እንዳያውካት ነስሩ ፍራሿን ከጓሮ በኩል ባለው ክፍል አነጠፈ፤ እንሰቱ የሚታይበት። ሰው እየገባ እየወጣ ነው። ሁሉንም በስማቸው ትጠራለች። ማስታገሻውን በየአራት ሰዓቱ የምሰጣት እኔ ነኝ። ዛሬ ግን እንቅልፍ እንዳይወስዳት ቀንሺልኝ አለችኝ።

አባባ ክትፎ በትንሽ ሳህን ይዘው ገቡ። አንድ ጉርሻ ለበረካ አሉ። አፏን ከፈተች፣ ተቀበለች፣ መዋጥ አቃታት። አባባ በመሐረባቸው አፏን ጠረጉላት። ያን ጊዜ እጃቸውን ያዘችና፦

“አባባ፣ አውቄያለሁ። ቆይቷል። ደክሞዎታል፣ ይበቃል” አለቻቸው።

አባባ ሳህኑን መሬት አስቀመጡ። ግንባሯን ስመው ወጡ። በመስኮቱ አየኋቸው፤ እንሰቱ መሃል ገብተው ጀርባቸውን ሰጥተው ቆሙ። የበዓል ልብሳቸው ነጭ ነው። ሰው ሲጠራቸውም አልዞሩም።

ሰኔ 3፣ ማክሰኞ

ሂክማ ትናንት ሄደች። ረፋድ ላይ። እማ ያሲን ትቀራላት ነበር፣ ፎዚያ እግሯን ይዛለች፣ ነስሩ ውሃ በጥጥ ከንፈሯ ላይ። እጄ አንጓዋ ላይ ነበር። መምታቱን ያቆመበትን ሰዓት አላየሁም። ሆን ብዬ።

አጠብናት። እኔና እማ ከሌሎች ሴቶች ጋር። የቀዶ ጥገናው ጠባሳ ድኗል። ንጹህ ነበር የዳነው።

ወንዶቹ ይዘዋት ወጡ። እኛ ቀረን።

ሰኔ 8፣ እሑድ

ለቀስተኛው ቀነሰ። ዱዓ ሲያበቃ አባባ ጓሮ ጠሩኝ። እኔና እሳቸው ብቻ።

እህት ነበረችኝ አሉ። ዘይነባ። ስሟን ሰምቼ አላውቅም። እሳቸው ልጅ ሳሉ ሆዷ አበጠ፤ ያልተዳረች ልጅ ናት። ውሃ ስትጠጣ ነበር የምትውለው አሉ፤ እንስራ ሥር ተኝታ። አርግዛ ነው ተባለ። አያቴ ከቤት አላስወጧትም፣ ሰው እንዳያያት። ሞተች። ልጅም አልተወለደ፣ ምንም። ሰው ግን ልታስወርድ መድኃኒት ጠጥታ ነው አለ። ስሟ እንዳይነሳ ተባለ፣ አልተነሳም።

“ሂክማ ውሃ ስትጠይቅ በሰማሁ ቁጥር እሷ ናት ትዝ የምትለኝ። አንቺ ሐኪም ነሽ። አንድ ነው ወይ?” አሉ።

አይታወቅም አባባ አልኩ። ምስል የለም፣ ናሙና የለም። ግን ይመስላል። በጣም ይመስላል።

አባባ አለቀሱ። በሂክማ ቀብር ያላለቀሱት። ለየትኛዋ እንደሆነ አላውቅም። እኔም አለቀስኩ፤ ቤቷ ውስጥ ተሸሽጋ ውሃ እየጠማት ለሞተች፣ አንድም ሰው አይዞሽ ላላላት ልጅ። ማንም ያላያት።

ቆይተው፣ ለመሆኑ አንቺስ፣ ፎዚያስ አሉኝ። መልሱን ከመጠየቃቸው በፊት አውቀውታል።

ሰኔ 10፣ ማክሰኞ

ለዶ/ር መስፍን ደወልኩ። የለችም ያልኩት ስህተት ነው፣ አለች አልኩት። ዘይነባ ትባላለች። ስሟን ጮክ ብዬ ስናገር ደስ የሚል ነገር ተሰማኝ፣ አፍሬ ያዝኩት። ደም ይላካል አለ፤ ወደ ውጭ አገር፣ ከሂክማ ዕጢ የተቀመጠውም አብሮ። መልሱ ይዘገያል። እስከዚያ ግን እኔም ፎዚያም እንታይ።

በአባባ በኩል ነው የመጣው ማለት ነው፣ ከተገኘ። ይህን ለእሳቸው አልነግርም ብዬ ነበር። ማታ ራሳቸው፣ በእኔ በኩል ነው አይደል ብለው ጠየቁኝ። አዎ አልኩ። ራሳቸውን ነቀነቁ።

እማ ፎዚያ ፈተናዋን ትጨርስ፣ ከዚያ እናያለን ትላለች። ምንም ሳናስረዳት ለጤና ምርመራ ብለን እንውሰዳት ትላለች። ልጅ ናት፣ አትቀሟት። የአባባን ቃል ነው የተጠቀመችው። አባባን አየሁ። እሳቸው እማን አላዩም፤ እኔን አዩኝ።

ስለዚህ ወሰንኩ። ፈተናዋን ትጨርስ፣ እሺ። ከዚያ አብረን አ.አ. እንሄዳለን፣ መጀመሪያ እኔ ማሽኑ ውስጥ እገባለሁ፣ እሷ ከመስታወቱ ጀርባ ትቆማለች። የእኔን ምስል እያሳየሁ የቱ ምን እንደሆነ አስረዳታለሁ። እኔ ሠላሳ ሦስት ዓመቴ ነው፣ አላገባሁም፤ የደም ምርመራው ዘሩ አለብሽ ካለኝ ሁለቱንም ኦቫሪዎቼን አስወጣለሁ። ይህን ስጽፍ እጄ ቆመ። ግን አስወጣለሁ። ስለ እሷ ግን የምትወስነው ራሷ ናት፣ አውቃ። ስለ ሂክማም ስለ ዘይነባም ሁሉንም እነግራታለሁ፤ ለምርመራ ተብላ ተታላ አትሄድም።

ከፈተናው በኋላ ብዬ ነበር። ይኸው ፎዚያ በሩ ላይ ቆማለች፣ ኬሚስትሪዋን ደረቷ ላይ አቅፋ። ሰሚ፣ አባባና አንቺ ጓሮ የምታወሩት ስለ እኔ ነው አይደል ትላለች። ግቢ እላታለሁ፣ ዝጊው በሩን፣ እዚህ ተቀመጪ